የዛፍ ጥላ ዋጋው ስንት ነው?

ሰው ሆኖ አሳብ የማይጫነው፣ ኀዘን የማይጎበኘው፣ እንቅልፍ አጥቶ የማያነጋ የለም። ይህ የአዳም ልጅ ሁሉ ዕዳ ነው። ነገር ግን ዕዳው ለሁሉ እኩል ሲሆን መክፈያው እኩል አይደለም። ባለጠጋው አሳብ ሲበዛበት ከከተማ ወጥቶ፣ ሐይቅ ዳር ቤት ተከራይቶ፣ የወፍ ድምፅ እየሰማ ሁለት ሦስት ቀን ሰንብቶ ይመለሳል፤ ወዳጁም «ደግ አደረግህ፤ ንጹሕ አየር ያስፈልግህ ነበር» ይለዋል። ደሀው አሳብ ሲበዛበት ግን ከቆርቆሮው ሥር ተቀምጦ ግድግዳውን ያያል፤ ጎረቤቱም «እገሌስ ለየለት» ይለዋል። ሕመሙ አንድ ሆኖ ሳለ ለአንዱ ስሙ ዕረፍት መፈለግ፣ ለሌላው ስሙ እብደት ሆነ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚህ ልዩነት ተቈጥቼ ነው።

ወጣቶች ሆይ፤ ቍጣዬ በማን ላይ እንደ ሆነ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ተፈጥሮ ለአእምሮ እንደምትጠቅም በሚክዱት ላይ አይደለም፤ እነርሱ ባያዩት ነው የሚካድላቸው። ቍጣዬ ጥቅሟን ካወቁ በኋላ አጥር አጥረው፣ በር ሠርተው፣ በበሩም ላይ ዋጋ በጻፉት ላይ ነው። ደግሞም «ደሀ ዳቦ እንጂ ዛፍ አያስፈልገውም» እያሉ ቸልተኝነታቸውን በጥበብ ስም በሚሸፍኑት ላይ ነው። ክርክሬም አንድ ነው፤ ይኸውም በዛፍ፣ በአትክልትና በንጹሕ አየር አማካይነት ለታወከ አእምሮ የሚሰጥ ክብካቤ የጤና ጉዳይ ስለ ሆነ፣ እንደ ንጹሕ ውሃና እንደ ክትባት ሁሉ በየሰፈሩ፣ በነፃ ወይም በጥቂት ዋጋ፣ በሕዝቡ በራሱ እጅ ሊሰጥ ይገባል የሚል ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ በስሜት ብቻ እንዳልከራከር፣ የተመረመረውንና የተጻፈውን ላስቀድም። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

በአሜሪካ አገር በፔንሲልቫኒያ ግዛት፣ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው የተኙ ሕመምተኞች ነበሩ። የአንዳንዶቹ ክፍል መስኮት ወደ ዛፍ ያያል፤ የሌሎቹ መስኮት ወደ ጡብ ግድግዳ ያያል። ሮጀር ኡልሪክ የሚባል ተመራማሪ ከ1972 እስከ 1981 የነበረውን መዝገብ አገላብጦ፣ በዕድሜና በመሳሰለው የሚመጣጠኑ 46 ሰዎችን መርጦ፣ 23ቱን ከ23ቱ ጋር አስተያየ። በ1984 እንዳሳተመውም፣ ዛፍ ያዩት ግድግዳ ካዩት ቀደም ብለው ከሆስፒታል ወጡ፤ ብርቱ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። እነዚህ ሰዎች ደን ውስጥ አልተመላለሱም፤ ሣር ላይ አልተቀመጡም፤ ተኝተው በመስኮት አዩ እንጂ። ማየት ብቻ ይህን ያህል ከረዳ፣ ከሥሩ መቀመጥ፣ አፈሩን መነካካት፣ ችግኙን ማጠጣት ምን ያህል ይረዳ ይሆን?

በእንግሊዝ አገርም ወደ 20 ሺህ ከሚጠጉ ሰዎች መልስ ተሰብስቦ በ2019 የታተመ ጥናት አለ። በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ በአረንጓዴ ሥፍራ የሚያሳልፉት፣ ከማይወጡት ይልቅ ጤንነትና የኑሮ እርካታ እንዳላቸው ተናግረዋል። ሁለቱን ሰዓት ባንድ ቀን ቢያሳልፉትም፣ በየቀኑ ቈራርሰው ቢያሳልፉትም ለውጥ አልነበረውም። አስተዋይ አንባቢ ግን «ጤነኛ ስለ ሆኑ ይወጣሉ እንጂ ስለ ወጡ ጤነኛ አልሆኑ እንደሆነስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ይህ ጥናት ብቻውን አይመልሰውም። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነን በፊላዴልፊያ ከተማ የተደረገው ነው።

ፊላዴልፊያ ውስጥ ቤት የፈረሰባቸው፣ ቆሻሻ የሚጣልባቸው፣ ሰው በፍርሃት የሚያልፍባቸው ብዙ ባዶ ቦታዎች ነበሩ። ተመራማሪዎች ከእነዚህ 541ዱን ወስደው በዕጣ በሦስት ከፈሏቸው። በአንደኛው ወገን ያሉት ቦታዎች ቆሻሻቸው ተነሥቶ፣ መሬታቸው ተደልድሎ፣ ሣር ተዘርቶባቸው፣ ጥቂት ዛፎች ተተከሉባቸውና ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር ተደረገላቸው። በሁለተኛው ወገን ያሉት ቆሻሻቸው ብቻ ተጠረገ፣ ሣራቸውም ታጨደ። ሦስተኞቹ እንደ ነበሩ ተተዉ። በአካባቢው የሚኖሩትም ሰዎች ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ስለ መንፈሳቸው ሁኔታ ተጠየቁ። በ2018 እንደ ታተመው፣ ቦታው ከለመለመላቸው ሰዎች መካከል ድብርት የሚሰማቸው፣ ምንም ካልተደረገላቸው ጋር ሲተያዩ፣ ከመቶ 41 ያህል ቀነሱ። እጅግ ደሀ በሆኑት ሰፈሮች ደግሞ ቅናሹ ከመቶ 68 ያህል ደረሰ። ቆሻሻው ብቻ በተጠረገበት ሥፍራ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም።

ከዚህ ጥናት ሦስት ነገር እንማር። መጀመሪያ፣ ሰውን የሚያሳርፈው የቆሻሻው መነሣት ብቻ አይደለም፤ በምትኩ የበቀለው ነገር ነው። ሁለተኛ፣ አንዱን ቦታ ለማልማት የወጣው ወጪ 1,600 ዶላር ያህል ብቻ ነበረ፤ በአሜሪካ ኑሮ ይህ ከቁም ነገር የማይገባ ገንዘብ ነው። ሦስተኛውንና እኔን እጅግ ያስደሰተኝን ደግሞ ልብ በሉ። አጥሩ ቆሻሻ ደፊ እንዳይገባ ዙሪያውን ቢከብም፣ እግረኛ እንዲገባበት ክፍት ቦታ ተትቶለት ነበር። አጥር ያጠረው ሰው የማንን መግባት እንደሚከለክልና የማንን መግባት እንደሚፈልግ አስቀድሞ አስቦበታል ማለት ነው።

እንግዲህ «ደሀ ዳቦ እንጂ ዛፍ አያስፈልገውም» ወደሚሉት ልመለስ። ማስረጃው የሚናገረው የእነርሱን ተቃራኒ ነው፤ ለምለሙ ቦታ ይበልጥ የጠቀመው ባለጠጋውን ሳይሆን ደሀውን ነው። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። ባለጠጋው በግቢው ውስጥ አበባ አለው፤ ደሀው ግን ከደጁ ውጭ ሌላ ግቢ የለውም። ደግሞስ አእምሮው የታመመ ሰው ዳቦውን በምን ጉልበቱ ያገኛል? እንቅልፍ ያጣ ግንበኛ ከመወጣጫው ይወድቃል፤ ኀዘን የሰበራት እናት እንጀራ ለመጋገር ምጣድ አትጥድም። ዳቦንና የአእምሮ ዕረፍትን እንደ ጠላት አቁሞ «አንዱን ምረጥ» ማለት፣ ቀኝ እጅን ከግራ እጅ ማጣላት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ከ1998 ጀምሮ በቡታጅራ አካባቢ በተካሄደ ታላቅ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተጠይቀው ነበር። ብርቱ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው መካከል አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ሕክምናው ወደ ሌሎች ሆስፒታሎችና ወደ አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ቢሰፋም፣ ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲተያይ ገና ጠብታ ነው። ብርቱ ሕመም ያለበት እንዲህ ከቀረ፣ ሐኪም ቤት የማያደርስ ግን ቀን ከሌት የሚያደክም ጭንቀትና ድብርት ያለበትማ ማን ያስታውሰዋል? እርሱ «አሳብ በዝቶብኝ ነው» እያለ ይኖራል፤ እየኖረም ይቀልጣል። በተፈጥሮ የሚደረገው ክብካቤ ከሁሉ በፊት ሊደርስለት የሚገባው ለዚህ ሰው ነው። እንዳይደርስለት ያደረጉት አጥሮች ግን ሦስት ናቸው።

አንደኛው የገንዘብ አጥር ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በከተማችን የሚያማምሩ መናፈሻዎች ተሠርተዋል። ሥራውን አልነቅፍም፤ ድንጋይና አቧራ የነበረው ለምልሞ ማየት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ከእነዚህ አንዳንዶቹ በር ላይ የመግቢያ ቲኬት ይሸጣል። አንዲት ጎረቤቴ ነበሩ፤ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ከቤት መውጣት ትተው፣ እህል እንኳ በልመና የሚቀምሱ ሆኑ። እንደምንም ለምኜ ንፋስ ይነካቸው ብዬ ወደ አንድ መናፈሻ ይዣቸው ሄድሁ። በሩ ላይ የተጻፈውን ዋጋ አነበብሁላቸው። ከት ብለው ሳቁና «ልጄ፤ ዛፍ ለማየት ነው የሚከፈለው? እኔ እኮ ያደግሁት ዛፍ ሥር ነው» አሉ። እከፍላለሁ ብላቸው «ይህን ከከፈልህልኝማ ውስጥ ገብቼም የማስበው ብሩን ነው» ብለው አንገታቸውን አዙረው ተመለሱ። ንግግራቸው ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ ሕክምና ዋጋ ከዚያ የሚበልጥ ትምህርት አላገኘሁም። መድኃኒቱ የጭንቀትን ምክንያት የሚጨምር ከሆነ መድኃኒት መሆኑ ቀርቷል።

የመናፈሻ አስተዳዳሪዎች «አትክልተኛው ደመወዝ ይፈልጋል፤ ውሃውም ይከፈልበታል፤ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» ይሉኛል። ይህ የሚገባ ጥያቄ ነውና እመልሳለሁ። ሙሽሮች ፎቶግራፍ ሲነሡ ያስከፍሉ፤ መኪና ሲቆም ያስከፍሉ፤ ቡናና ኬክ ሲሸጡ ያትርፉ፤ ድግስ ለሚደግስ ድርጅት ቦታውን ያከራዩ። ለዚህ ሁሉ ከፋይ አለ። አግዳሚ ወንበሩንና ጥላውን ግን አይሽጡ። ይህም ከከበዳቸው፣ ከጤና ጣቢያ ወረቀት ይዞ የመጣን ሰውና አስታማሚውን በነፃ ያስገቡ። ለሐኪም ወረቀት በሩን የማይከፍት መናፈሻ ለጤና ተሠራ ተብሎ በምርቃቱ ቀን ንግግር ባይደረግለት ይሻላል።

ሁለተኛው የመንገድ አጥር ነው። በነፃ የሚገባበትም ደን ቢሆን ሩቅ ከሆነ ለደሀ ነፃ አይደለም። የታክሲ ሂሳብ አለ፤ የቀን ሥራ ማጣት አለ፤ ልጅ የሚጠብቅ ሰው ማጣት አለ። ደግሞ በደን አጠገብ መኖርና በደን ማረፍ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። የእንጦጦን ተራራ ተመልከቱ። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የከተማይቱን ማገዶ ሲችል ኖሯል። ያን ማገዶ ግን ጎንበስ ብለው በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁለቱን ሲወርዱ የኖሩት ሴቶች ናቸው። እነዚህ ሴቶች ንጹሑን አየር ከማናችንም ይበልጥ ተንፍሰዋል፤ የዛፉንም ሽታ ያውቁታል፤ ነገር ግን ደኑን የሚያውቁት በጥላው አይደለም፣ በሸክሙ ነው። ስለዚህ «ድሆቹማ ተፈጥሮ ውስጥ ነው የሚኖሩት» ለሚል ሰው መልሴ፣ ተፈጥሮ መድኃኒት የሚሆነው ሰው በውስጡ ተቀምጦ የሚያርፍበት ሰዓት ሲያገኝ ነው የሚል ነው።

ከ2019 ጀምሮ በአገራችን በየክረምቱ ችግኝ በብዛት ይተከላል፤ ቁጥሩም በሚሊዮንና በቢሊዮን ይነገራል። እሰየው ነው። ነገር ግን ከተተከለው ውስጥ ስንቱ ሽማግሌ በእግሩ ደርሶ ሊቀመጥበት በሚችል ሥፍራ እንደ ተተከለ ሲቈጠር ሰምቼ አላውቅም። በተራራ ላይ የተተከለው አፈሩን ይይዛል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። በጤና ጣቢያው ግቢ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ፣ በወንዙ ዳር፣ ቆሻሻ በሚጣልበት ባዶ ቦታ የተተከለው ግን ሰውን ይይዛል። ሁለቱም ያስፈልጉናል። ሁለተኛው ግን በሪፖርት ላይ ትንሽ ቁጥር ስለ ሆነ የሚያስታውሰው የለም።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከፋው የኀፍረት አጥር ነው። ገንዘብ ያለው፣ ቤቱም ለመናፈሻ የቀረበ ሰው እንኳ «አእምሮዬ ደከመ» ብሎ ለመናገር ያፍራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶች፤ እኛ ግን ይህን በሽታ የገለጠውን ሰው ስም እናወጣለታለን። ታዲያ ኀፍረትን የሚያፈርሰው ምንድር ነው? የዚምባብዌ ሰዎች አንድ መልስ አግኝተዋል። በ2006 በሐራሬ ከተማ፣ ምባሬ በምትባል ሰፈር፣ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም ሥራ ሲጀምሩ ክፍልም ነርስም አላገኙም፤ ያገኙት 14 አሮጊቶች ነበረ። በጤና ጣቢያው ግቢ፣ ከቤት ውጭ፣ የእንጨት አግዳሚ ወንበር አኖሩ። አሮጊቶቹንም የተጨነቀን ሰው እንዴት አድርገው እንደሚያዳምጡና ከችግሩ አንዱን መርጦ እንዲፈታ እንዴት እንደሚረዱት አስተማሯቸው። በሾና ቋንቋ ሕመሙን «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም አሳብ ማብዛት ማለት ነው። እኛ «አሳብ በዛብኝ» እንደምንለው ያለ ነው። በ2016 የታተመው ጥናት 573 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ከ6 ወር በኋላ የድብርት ምልክት የቀረባቸው በወንበሩ ከተረዱት ከመቶ 14 ያህል፣ የተለመደውን ክብካቤ ካገኙት ግን ከመቶ 50 ያህል መሆናቸውን አሳየ።

እውነቱን ለመናገር፣ እነዚያን ሰዎች የፈወሳቸው የአሮጊቶቹ ምክር ነው እንጂ የወንበሩ እንጨት አይደለም። እኔ ምሳሌውን ያመጣሁት ስለ ሌላ ነገር ነው። ምክሩ የተሰጠው «የእብዶች ክፍል» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈበት በር ውስጥ ቢሆን ኖሮ ስንቱ በገባ ነበር? በአደባባይ፣ ማንም ሰው ሊቀመጥበት በሚችል ወንበር ላይ፣ ማንም አያት ከምትመስል ሴት ጋር መቀመጥ ግን አያሳፍርም። አትክልት መኰትኰትም እንደዚሁ ነው። መኰትኰቻ የያዘን ሰው «ምን ነካህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ «ምን ተከልህ?» ይሉታል እንጂ።

በአገራችንም በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ ተመሳሳይ ነገር ተፈትኖ ውጤቱ በ2022 ታትሟል። ሐኪም ያልሆኑ፣ ነገር ግን ለጥቂት ሳምንታት የሠለጠኑ የአገሩ ሰዎች፣ ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ብርቱ ሕመም ወዳለባቸው ሰዎች ቤት እየሄዱ ከቤተ ሰቡና ከሰፈሩ ጋር ደገፏቸው። ከጤና ጣቢያው ሕክምና ጋር ይህን ድጋፍ ያገኙት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ ለኑሮና ለሥራ የተሻለ አቅም ነበራቸው። እንግዲህ «የእኛ ሕዝብ ይህን መሥራት አይችልም» የሚል ሰው ቢኖር፣ የእኛ ሕዝብ ሠርቶ አሳይቶታል በሉት።

አንዳንዶች ይህ የተፈጥሮ ክብካቤ የፈረንጅ ፈሊጥ ይመስላቸዋል። የጃፓን የደን መሥሪያ ቤት በ1982 ሰዎች በደን ውስጥ ቀስ ብለው እየተመላለሱ እንዲያርፉ ሲመክር «ሺንሪን ዮኩ» ብሎ ስም አወጣለት፤ በደን አየር መታጠብ እንደ ማለት ነው። ዛሬ በብዙ አገር ይህ ነገር ከመሪና ከማረፊያ ቤት ጋር ተጠቅልሎ በውድ ዋጋ ይሸጣል። በእኛ አገር ግን ስም ሳይወጣለት ኖሯል። ሽማግሌዎች የተጣላውን የሚያስታርቁት በዋርካ ሥር ነው። በኦሮሞ ባህልም ኦዳ የሸንጎና የዕርቅ ዛፍ ነው። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች አሉ፤ ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ሲራቈት ጽዱና ወይራው የቀረው በደብሩ ቅጥር ውስጥ ነው። እነዚህን ደኖች ለብዙ ዓመት ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ከብት ገብቶ ችግኙን እንዳይበላ በድንጋይ ካብ እንዲከበቡ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሠርተዋል። ያ ካብ ደግሞ ከብቱን ይከለክላል እንጂ ያዘነውን ሰው አይከለክልም። ያዘነ ሰው ቅዳሴ ቢደርስ ባይደርስ፣ ገብቶ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ አልቅሶ ይወጣል፤ ቲኬት የሚጠይቀው የለም። ይህን የመሰለ ርስት እያለን ጥላን ገዝተን ለመግባት ስንሰለፍ ቢያዩን «የዓባይ ልጅ ውሃ ጠማው» ቢሉን አይፈረድባቸውም።

እዚህ ላይ ግን ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዛፍ የሐኪምን ሥራ አይሠራም። ድምፅ የሚሰማውን፣ ራሱን ለማጥፋት የሚያስበውን፣ ለብዙ ቀን ያልተኛውንና ያልበላውን ሰው «ንፋስ ተቀበል» ብሎ መስደድ ጭካኔ ነው። የታዘዘለትንም መድኃኒት ማስጣል ከዚያ የባሰ በደል ነው። ጠበል ሲጠመቁ ኪኒን መተው አለባቸው ተብለው የተጎዱ፣ በሰንሰለትም የታሰሩ ሰዎች እንደ ነበሩ እናውቃለን። ነገር ግን ሁለቱ ሊታረቁ እንደሚችሉ ደግሞ በተግባር ታይቷል፤ በጠበል ሥፍራ ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች ተባብረው፣ ሕመምተኛው ጸሎቱንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ እንዲያገኝ ያደረጉበት ሥራ በ2021 ተጽፎ ወጥቷል። ዛፉም እንደዚሁ የመድኃኒቱ ጎረቤት ይሁን እንጂ ተቀናቃኙ አይሁን።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንድ ሰፈር የሚያስፈልገውን ልዘርዝር፤ ብዙ አይደለም። መጀመሪያ ትንሽ መሬት ያስፈልጋል፤ ወረዳው ከጤና ጣቢያው ወይም ከትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ ይስጥ። ቀጥሎ ባለቤት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ከእድር የሚሻል የለንም። እድር ድንኳንና ወንበር አለው፣ ዳኛና ጸሐፊ አለው፣ የማን ቤት እንዳዘነም ከሁሉ በፊት ያውቃል። ለሞተው ሰው የሚደረገው ደግነት ጥቂቱ በሕይወት ላለው ቢደረግለት ምን ይጎዳል? ከዚያ በኋላ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ መኰትኰቻና የውሃ ባልዲ ይገዛ። ወይራ፣ ዋንዛና ግራር ለጥላ ይተከል፤ ጤና አዳም፣ በሶብላና ጠጅ ሣር ለሽታ ይተከል፤ ጎመንም ይተከል፣ የሠራው ሰው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ እንዳይመለስ። ሰዓቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አንድ አንድ ሰዓት ይበቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም የጤና ጣቢያው ነርስ እየመጣች ታዳምጥ፤ ሐኪም የሚያስፈልገውንም ለይታ ትላክ። ሕጉም አንድ ይሁን፤ ይኸውም ታሞ የመጣውና ሊረዳ የመጣው አንድ ዓይነት መኰትኰቻ ይያዙ፣ ማን ማን እንደ ሆነም አይጠየቅ።

«ይህ ሁሉ ለደሀ አገር ቅንጦት ነው» የሚል ሰው፣ ባለጠጎቹ አገሮች ምን እንዳደረጉ ይመልከት። የእንግሊዝ መንግሥት ከ2021 እስከ 2023 በ7 አካባቢዎች፣ አእምሯቸው የታወከ ሰዎች ከጤና ተቋም ወደ አትክልት ሥራ፣ ወደ እግር ጉዞና ወደ መሳሰለው እንዲመሩ ገንዘብ መድቦ ሞከረ፤ ከ8 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችም ተካፈሉበት። በየሆስፒታሉ የተትረፈረፈ መድኃኒት ያለው አገር ይህን ካልናቀ፣ መድኃኒቱም ሐኪሙም ያነሰው አገር በምን አቅሙ ይንቀዋል?

ወጣቶች ሆይ፤ ይህ ሥራ የሚጠብቀው እናንተን ነው። ማንበብ ትችላላችሁና ለእድሩ ደብዳቤውን ጻፉለት፤ ጉልበት አላችሁና ጉድጓዱን ቈፍሩ። በየክረምቱ ችግኝ ይዛችሁ ስትወጡ «ስንት ተከልን?» ብቻ አትበሉ፤ «ማን ይቀመጥበታል?» ብላችሁም ጠይቁ። ነገ አንዳንዶቻችሁ የከተማ መሐንዲስ፣ አንዳንዶቻችሁ የወረዳ ሹም፣ አንዳንዶቻችሁም የመናፈሻ ባለቤት ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ ስለ አጥር ከፍታና ስለ ቲኬት ዋጋ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ጥላውን የሚሠሩት ፀሐይ፣ አፈርና ዝናብ ናቸው፤ ለሥራቸውም ዋጋ ጠይቀው አያውቁም። የሰው ድርሻ በሩን መሥራት ብቻ ነው። ስትሠሩት የገንዘብ ቦርሳ የሌላት፣ ልጇ የሞተባት፣ ለመናገር የምታፍር ሴት መጥታ ልትገፋው እንደምትችል አድርጋችሁ ሥሩት።